ለባትሪ የቱ ድንጋይ ይሻላል፣ አልካላይን ወይስ ቻርጅ የሚደረገው?

መብራት ጠፍቶ ባትሪያችሁን ስትጫኑት እምቢ ሲል ያበሽቃል አይደል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የድንጋዩ ነው። የማወራው ስለ ትንሿ ዳብል ኤ (AA) ድንጋይ ነው።

አልካላይን አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው ግን በሰራ ቁጥር ቮልቱ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ብርሃኑም አብሮት ይደበዝዛል። ቻርጅ የሚደረገው (ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው) 1.2 ቮልት ስለሚል ሰው ደካማ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ሊያልቅ እስኪል ድረስ ብዙም አይወርድም፣ ኃይለኛ ኤልኢዲ ላይ ደግሞ በደንብ ይበልጠዋል።

ለኔ ትልቁ ነገር መፍሰሱ ነው። አልካላይን ባትሪ ውስጥ ተረስቶ ከቆየ ያፈሳል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣና ብረቱን ይበላዋል፣ እኔ በጣም የምወደውን ባትሪ በዚህ ነው ያጣሁት። ያ ነገር ቆዳ ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ እንዳትነኩት፣ ትንሽ አቼቶ በነካ ጥጥ ጥረጉት።

ዋጋ ካላችሁ ቻርጅ የሚደረገው ከነቻርጀሩ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ግን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ትሞሉታላችሁ። ችግሩ ተራው ዓይነት ሳይሰራ ተቀምጦም በወራት ውስጥ ይደክማል፣ አልካላይን ግን ካልተከፈተ እስከ 10 ዓመት ይቆያል።

ስለዚህ ማታ ማታ ለምትጠቀሙበት ቻርጅ የሚደረገውን ግዙ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ አልካላይን ከነማሸጊያው ባትሪው አጠገብ አስቀምጡ፣ ውስጡ አትክተቱት። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ፣ አልካላይንን ደግሞ በፍጹም ቻርጅ እንዳታደርጉት!