ቪዥንፋይቭ 2 ከዴቢያን 13 ጋር፦ ለሰርቨር ይገዛል፣ ለዴስክቶፕ አይሆንም

ቪዥንፋይቭ 2 በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴልም አርምም አይደለም። ጄኤች7110 የሚባለው ቺፑ ሪስክ-ፋይቭ የተባለውን ክፍት የፕሮሰሰር ንድፍ የሚከተል ሲሆን እስከ 1.5 ጊጋኸርዝ የሚደርሱ አራት ዩ74 ኮሮች አሉት። ፍጥነቱ ከራስፕቤሪ ፓይ 4 ያንሳል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ፕሮግራም ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ባለ 8 ጊጋባይቱን ይግዛ።

የሚጫንበት ሲስተም ዴቢያን 13 የተባለው ሊኑክስ ይሁን። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ይህ እትም ሪስክ-ፋይቭን በይፋ የተቀበለ የመጀመሪያው ዴቢያን ነው። ሌላው ሊኑክስ ኡቡንቱ ግን ከእትም 25.10 ጀምሮ ዩ74 የማያሟላውን አርቪኤ23 የተባለ የሪስክ-ፋይቭ መስፈርት ስለሚጠይቅ እዚህ ቦርድ ላይ ከ24.04 ወዲያ መሄድ አያዋጣም።

ከቦርዱ ጋር የግድ የሚገዛው ባለ 3.3 ቮልት የሲሪያል ገመድ ነው፤ ቦርዱን ከሌላ ኮምፒውተር በጽሑፍ ለማዘዝ ያገለግላል። በዴቢያን 13 ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የስክሪን መሰኪያው ኤችዲኤምአዩ ምስል አያወጣም። ስክሪን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ጥቁር መስኮት እያየ ቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ግራውንድ ፒን 6 ላይ፣ የገመዱ መቀበያ ፒን 8 ላይ፣ መላኪያው ፒን 10 ላይ ይሰካል፤ ፍጥነቱ 115200 ነው። የ5 ቮልት ገመድ ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል።

ቀጥሎ ፈርምዌሩ፣ ማለትም በቦርዱ ፍላሽ ሚሞሪ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም፣ ይታደሳል። የፋብሪካውን ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ የመጣ ሲስተም) ከማይክሮ ኤስዲ አስነስቶ፣ ከዴቢያኑ የዩ-ቡት (የማስነሻው ፕሮግራም) ፓኬጅ ሁለቱን ፋይሎች በፍላሽሲፒ ትእዛዝ ወደ ፍላሽ መጻፍ ነው። ኤስፒኤል የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ማስነሻ በፍላሹ መጀመሪያው ክፍል ላይ፣ ዋናው ዩ-ቡት በራሱ ክፍል ላይ ይገባል። የክፍሎቹ ቁጥር ከኢሜጅ ኢሜጅ ስለሚለያይ ስማቸውን ሳያዩ አይጻፍ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቢሳሳትም ቦርዱ አልሞተም፦ ሁለቱን ትናንሽ ስዊቾች 1 ላይ አድርጎ በሲሪያሉ በኩል በኤክስሞደም የፋይል መላኪያ ዘዴ ማዳኛውን ፋይል መላክ ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ስዊቾቹ ሁለቱም 0 ላይ ይቀመጡ፤ ያ ከፍላሽ መነሳት ማለት ነው። በቀጥታ ከኤስዲ ወይም ከኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የሚሰካ ማከማቻ) ማስነሳት አንዳንዴ እንደሚከሽፍ የአምራቹ የስታርፋይቭ ሰነድ ራሱ ይናገራል። የዴቢያኑን መጫኛ በማይክሮ ኤስዲ ላይ ጽፎ፣ ሲስተሙን ከቦርዱ ሥር በሚሰካው ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ላይ መጫን ነው። መስመሩ አንድ ሌን ፒሲአይ 2.0 ስለሆነ በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ ውድ ዲስክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መጫኛው ግሩብን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ተነቃይ ዲስክ በሚነሳበት መንገድም ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ይባል። ዩ-ቡት መጫኛው የሚሰጠውን የማስነሻ መዝገብ ስለማይዝለት፣ «አይ» ያለ ሰው ሪስታርት ሲያደርግ ሲስተሙን ላያገኘው ይችላል።

የግራፊክስ ቺፑ በዴቢያኑ ከርነል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ቪዲዮ ለማየት ወይም ለቢሮ ሥራ ይህን ቦርድ አትግዙ። ለፋይል ማስቀመጫ፣ ለትንሽ ዌብሳይት፣ ፕሮግራማቸውን ሪስክ-ፋይቭ ላይ ለሚፈትኑ ግን ጎበዝ ዕቃ ነው። ዋይፋይ የለውም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቦርዱ ላይ የታተመውን የእትም ቁጥር እዩ፦ 1.2ኤ ከሁለቱ የኔትወርክ ወደቦቹ አንዱ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው፣ 1.3ቢ ግን ሁለቱም ጊጋቢት ናቸው።