ያረጀ ግራፊክስ ካርድ፣ የማያረጅ ድራይቨር፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

ካርዱን የገዛሁት መርካቶ ነው፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚሸጥ ሱቅ። ራዲዮን አር7 240፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 5,000 ብር። ሻጩ "ቢሮ ውስጥ ነው የኖረው፣ ጌም አያውቅም" ብሎ ማለልኝ። አመንኩት። ማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራ የብዙ ዓመት ቢሮ ነው የሚመስለው።

ምርጫ ስላልነበረኝ ነው ይሄን የወሰድኩት። ኮምፒውተሬ ቀጭን የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ትልቅ ካርድ አይገባበትም፣ ፓወር ሰፕላዩም አይችልም። ይሄኛው አጭር ነው፤ ተጨማሪ የፓወር ገመድም አይፈልግም። በዚያ ላይ ቪጂኤ የሚባለው የድሮ አናሎግ የስክሪን መሰኪያ አለው። ስክሪኔ ከቪጂኤ ሌላ የማያውቅ የድሮ 19 ኢንች ነው። ይህቺን የቪጂኤ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ካርዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አምራቹ ኤኤምዲ የዚህን ትውልድ ካርዶች በጁን 2021 ከመደበኛው የዊንዶውስ ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ድጋፍ አስወጥቷቸዋል። ዊንዶውስ ላይ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው። እኔ ግን ፌዶራ ሊኑክስ ነው የምጠቀመው። እዚያ ታሪኩ ሌላ ነው።

ሊኑክስ ላይ የግራፊክስ ድራይቨር አንድ ነገር አይደለም። ግማሹ የሲስተሙ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ነው። ካርዱን የሚያስነሳው፣ ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው፣ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ሜሳ ይባላል። ጌሙ ወይም ፕሮግራሙ "ይህን ሳልልኝ" ሲል ትእዛዙን ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ሜሳ ነው። ብራያን ፖል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 በትርፍ ጊዜው የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬም ኮዱ ለማንም ክፍት ነው።

ለኔ ካርድ ከርነሉ ውስጥ ሁለት ድራይቨር አለ። አሮጌው ራዲዮን፣ አዲሱ ኤኤምዲጂፒዩ። ካርዱን ስገዛ ከርነሉ በራሱ የሚመርጠው አሮጌውን ነበር። ይሠራል፣ ምንም አይልም። ችግሩ ቨልካን፣ ማለትም አዳዲስ ጌሞች ካርዱን የሚያዙበት ቋንቋ፣ የለውም። የሜሳው የቨልካን ድራይቨር ራድቪ የሚሠራው በኤኤምዲጂፒዩ ላይ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ወደ ቨልካን የሚተረጉመው ዲኤክስቪኬም ያለ ቨልካን አይነሳም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በአሮጌው አሳለፍኩ። ኬደንላይቭ ላይ ቪዲዮ እቆራርጣለሁ፣ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም እነካካለሁ። ተመችቶኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን አልተመቸውም። የኳስ ጌሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሰጠው። "ተጫዋቹ ጭቃ ውስጥ ነው እንዴ የሚሮጠው?" ይለኛል።

አንድ ማታ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ለከርነሉ የሚሰጡት ትእዛዞች ላይ ሁለት ቃል ጨመርኩ። አንዱ "ራዲዮን ይህን ትውልድ ተወው"፣ ሌላው "ኤኤምዲጂፒዩ አንተ ያዘው" እንደማለት ነው። ቨልካን መጣ። ያው ጌም፣ ያው ሜዳ፣ 37 ፍሬም። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም። ወንድሜ አዲስ ካርድ የገዛሁ መስሎት ኬዙን ከፍቶ አየ።

ይህ ትውልድ ሳውዘርን አይላንድስ (የደቡብ ደሴቶች) ይባላል። የኔው ቺፕ ስም ደግሞ ኦላንድ ነው፤ ስዊድን ያለች ደሴት። ስዊድን ከመቼ ወዲህ ደቡብ እንደሆነች አልገባኝም።

ታዲያ ይህን ያህል ከተሻለ ለምን ከመጀመሪያው አዲሱ ድራይቨር አልተመረጠም? ምክንያቱ በከፊል ያቺ ቪጂኤ ናት። የኤኤምዲጂፒዩ አዲሱ የስክሪን ኮድ አናሎግ መውጫ አያውቅም ነበር፤ የኔ ስክሪን የሠራው በውስጡ በቀረው የድሮ የስክሪን ኮድ ነው። ሌሎችም ያልተሟሉ ነገሮች ነበሩበት፤ ለምሳሌ የነዚህ ካርዶች የቪዲዮ ኢንኮደር (ቪዲዮ የሚጨምቀው ክፍል)። ስቲም የተባለው የጌም መደብር ባለቤት ለሆነው ቫልቭ የሚሠራው ቲሙር ክሪሽቶፍ እነዚህን ክፍተቶች አንድ በአንድ ደፈናቸው። በከርነል 6.19 ኤኤምዲጂፒዩ ለነዚህ አሮጌ ካርዶች ቀዳሚ ምርጫ ሆነ። በዚህ ዘመን ቪጂኤ ማን ይጠቀማል ትሉ ይሆናል። እኔ። እናንተም ብዙዎቻችሁ።

አሁን ወደ መከራው። በአምስተኛው ወር ከአንድ የከርነል ዝማኔ በኋላ ኮምፒውተሩን አስተኝቼ ስቀሰቅሰው ስክሪኑ ጥቁር ይሆን ጀመር። ድምፅ አለ፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ምስል የለም። ወደ ድሮው ከርነል ስመለስ ችግሩ የለም። እዚህ ላይ ዝም ብዬ በድሮው መቀጠል እችል ነበር። እልህ ያዘኝ።

በሁለት የከርነል ቅጂዎች መካከል 14 ሺህ ገደማ ለውጦች አሉ። ጥፋተኛውን የምትፈልገው የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ጊት፣ ባይሴክት በሚባለው ትእዛዙ ነው። ሰፈር ውስጥ ውሃ ሲቆረጥ እንደምናደርገው ማለት ነው። መሃል ላይ ላለው ቤት ትደውላለህ፦ "እናንተ ጋ አለ?" ካለ ችግሩ ከነሱ ወዲህ ነው፤ ከሌለ ከነሱ ወዲያ። እንዲህ ግማሽ በግማሽ ስትከፍል 14 ሺው በ14 ጥያቄ ያልቃል። ብቻ እያንዳንዱ ጥያቄ ከርነል ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር ነው። በኔ ማሽን፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ቀንሼ፣ 40 ደቂቃ። ሁለት ጊዜ መሃል ላይ መብራት ጠፋ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ኮዱን ማውረድ አለ። ሙሉ ታሪኩ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው። ጊት መሃል ላይ ከተቋረጠ ከቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ሌሊት የዳታ ፓኬጅ ከበላብኝ በኋላ ነው ከርነል ዶት ኦርግ ባንድል የሚባል አንድ ፋይል እንዳለው ያወቅኩት። እሱ ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህን ያዙ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጥፋተኛውን ለውጥ አገኘሁት። ልቤ ሊቆም! ሪፖርት ልጽፍ ስዘጋጅ ቅድሚያ አዲሱን የከርነል ኮድ አየሁ። አንድ ሰው ሁለት መስመር ቀይሮ አስተካክሎታል። ማስተካከያው ሥር "ይህን ያርማል" ተብሎ የተጻፈው መለያ ቁጥር እኔ ካገኘሁት ጋር አንድ ነው። ለካ እኔ አምስተኛው ባይሴክት ላይ እያለሁ ነው የተላከው። የኔ ፌዶራ ጋ አልደረሰም እንጂ። ተናድጄም ሳቅኩ። ሁለቱን መስመር ራሴ አስገብቼ ኮምፓይል አደረግኩና ተኛሁ። ኮምፒውተሩም ተኛ። ጠዋት ሁለታችንም በሰላም ነቃን።

ድራይቨር የማይሠራው ተአምርም አለ። ካርዱ በኤች 264 (አንድ የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ) የተጨመቀ ቪዲዮ ይፈታል። ዩቲዩብ የሚልካቸውን አዳዲሶቹን ዘዴዎች ቪፒ9 እና ኤቪ1 ግን ቺፑ ራሱ አያውቃቸውም። ስለዚህ ሸክሙ ሲፒዩ ላይ ያርፍና ማራገቢያው ወፍጮ ቤት ይሆናል። ብራውዘሩ ኤች 264 ብቻ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ኤክስቴንሽን ጭኜ ነው የገላገልኩት። ብሌንደር ላይ ሞዴል መሥራት ይቻላል፤ ሳይክልስ በሚባለው ክፍሉ ሬንደር ማድረግ (የመጨረሻውን ምስል ማውጣት) ግን በሲፒዩ ብቻ ነው። ሜሞሪውም ዘገምተኛ ነው፤ ያንን ማንም ኮድ አያፈጥነውም።

አዲስ ጌም ለመጫወት ካሰባችሁ አትግዙት። የቢሮ ኮምፒውተር ኖሯችሁ ሊኑክስ ላይ ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ ከፈለጋችሁ፣ በ5,000 ብር እኔ አልተቆጨሁም። ፌዶራን የመረጥኩት አዲስ ከርነል እና ሜሳ ቶሎ ስለሚያመጣ ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ከርነል ላይ በሚቀመጥ ሊኑክስ እነዚያን ሁለት ቃላት በእጃችሁ መጻፍ ይጠበቅባችኋል።

ባለፈው ሳምንት ስክሪኑ እንደገና ጥቁር ሆነ። ወይ ጉድ አልኩ። ባንድሉን ከፈትኩ፣ የመጨረሻውን ደህና ከርነል ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ቡና አስፈላሁ። ወንድሜ ከኋላ ገብቶ የቪጂኤውን ገመድ ገፋ አደረገው። ብሎኑ ላልቶ ነበር።