የመርካቶ የሳምንት እቁብ፦ «ልግባ ወይ?» ለምትሉኝ

ሱቅ የከፈተ ዘመድ ሁሉ «እቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ልቆጥብ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ በቅርቡ ዙሩን የጨረስነውን እቁብ እንደማንኛውም አገልግሎት ልገምግመው። እኔ መርካቶ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ ቴርሞስ፣ ብረት ድስት፣ ሰሃን፣ ባልዲ እሸጣለሁ። እቁባችን ሳምንታዊ ነው። ሙሉ ዕጣ 5,000 ብር፣ ግማሽ ዕጣ 2,500 ይጣላል። ሃምሳ ዕጣ ስላለ ባለ ሙሉ ዕጣው 250,000 ብር ይበላል፤ ከዚያ ላይ የዳኛውና የጸሐፊው ድካም ይቀነሳል። የመጀመሪያውን ዕጣ እንደ ደንቡ ዳኛው ይበላል። ይህ የሚቆረቁረው ሰው ባይገባ ይሻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ይከርማል።

ዕጣው የሚወጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጸሐፊው ያልበሉትን ስም እየጠራ ብጣሽ ወረቀት ይጠቀልልና ጎድጓዳ ሰሃን ውስጥ ይጥላል። የሚያወጣው ልጅ የእቁቡ ሰው መሆን የለበትም፤ ብዙ ጊዜ በር ላይ ያለው ሊስትሮ ይጠራል፣ ጉርሻም አለው። ስም ሲጠራ እልልታና «እንኳን ደስ ያለህ» ይቀልጣል፤ ብሩ ግን ገና ነው። ባለዕጣው ያልበሉ ሁለት ዋሶች መጥራት አለበት፣ የእነሱ ዕጣ ለእሱ መያዣ ይሆናላ። አንድ ጊዜ አንዱ ዋስ አጥሮት ጓደኛው «ጋሼ፣ እሱ እኮ የታወቀ ሰው ነው» ብሎ ሊያማልደው ሞከረ። ዳኛው ቀና እንኳን ሳይሉ «የታወቀ ከሆነ ዋስ አያጣም፣ ልጄ» አሉት። ሰውየው በማግሥቱ ዋሶቹን ይዞ መጣ።

ከባንክ ጋር ካወዳደርነው ልዩነቱ እዚሁ ላይ ነው። ባንክ መያዣ ይላል፤ ቤት ወይም መኪና። በ2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትም መያዣ እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 1147 ወጥቷል፤ የእኔን ቴርሞሶች በመያዣነት ሊቀበል የመጣ ባንክ ግን እስካሁን አላየሁም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድበው ደግሞ ለትንሽ ነጋዴ በሩ ይበልጥ ጠበበ። እቁብ የሚጠይቀው ሰው ነው። ወለድ ስለሌለው የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ብሩን በቴሌብር መላክ ይቻላል፤ ሁለት ቅዳሜ ልኮ የቀረ ሰው ላይ ግን የዳኛው ፊት ይጠቁራል። እውነታቸውን ነው፣ ብር ቢመጣም ሰውየው ካልታየ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም።

አሁን ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እቁብ ስትገቡ ሥራችሁም አብሮ ይገባል። ዋስ የሆነልህን ሰው ደንበኛ አትነጥቅም፤ ዓይኑን የምታይበት ቅዳሜ ሩቅ አይደለማ። እኔ ጋ የሌለ ዕቃ ሲጠየቅ ልጁን ልኬ ከጎረቤት አስመጣለሁ፣ ሒሳባችን ማታ ነው። ዋጋ ሲጨምርም የሱቆቹ ተራ በሙሉ በአንድ ጠዋት አብሮ ይጨምራል፤ ስብሰባ ስላደረግን አይደለም፣ ቅዳሜ ሻይ ላይ የአስመጪውን ወሬ ሁላችንም አብረን ሰምተናል። አንድ ሱቅ ሁለት ቀን ተዘግቶ ከዋለ ስልክ ይደወላል። ናፍቆትም አለበት፣ ፍርሃትም አለበት፣ በተለይ ሰውየው የበላ ከሆነ።

ይኸው ወሬ ነው ጉዳቱም። ባለፈው ዙር አንዱ ዕጣ ወጣለትና ቴርሞስ በካርቶን ገዝቶ በሳምንት ውስጥ ጨረሰ። ቅዳሜ ይህን አወራ። ከዚያ በኋላ የበላ ሁሉ ቴርሞስ ገዛ፤ ያውም ያው ባለ አበባው፣ ክዳኑ ቀይ የሆነው። ወር ሳይሞላ ተራው በሙሉ ቴርሞስ በቴርሞስ ሆነና ደንበኛ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ዋጋ ያስቀንስ ጀመር። የመጀመሪያው አተረፈ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ብሩን መለሰ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን ለሳምንታዊ መዋጯቸው ሲሉ በኪሳራ ሸጡ። መዋጮው ቀን አለው፣ ዕቃው ዋጋ እስኪያገኝ አይጠብቅም። ሃምሳ ሰው አንድ ወሬ ሰምቶ በየተራ ብር ሲያገኝ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሲያተርፍ በዓይኑ ስላየ ነው።

ሌላው የዙሩ ርዝመት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ያኔ በነበረው ዙር መሃል ላይ ነበርን። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። አስቀድመው የበሉት መጋዘናቸው ሙሉ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የበሉት ያንኑ ብር ተቀብለው ያነሰ ዕቃ ገዙ። ያን ሰሞን ዕጣ መሸጥና መግዛት ደራ። የወጣለት ሰው ዕጣውን ለቸኮለ ይለቅለታል፣ የቸኮለው ላዩ ላይ ይጨምርለታል። አንዳንድ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ይህንን አይነኩትም፤ «ስሙን ቀየራችሁት እንጂ ወለድ ነው» ይላሉ። እኔም በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። «እቁብ ወለድ የለውም» የሚባለው እዚህ ላይ ያነክሳል።

እንግዲህ ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። የቀነስኩት አንድ ለቴርሞሱ ነው።

ለመግባት ያሰበ ሰው ስለ ብሩ ከመጠየቁ በፊት ሰዎቹን ይጠይቅ። ያቋረጠ ሰው ሲኖር ዋሱ ከፍሏል ወይ? ደብተሩን አባላት ማየት ይችላሉ? ዕጣ ይሸጣል ወይ? ከሁሉ በላይ ግን ስንቱ የእናንተኑ ዕቃ ይሸጣል? የተለያየ ሥራ ያላቸው ሰዎች የተቀላቀሉበት እቁብ ካገኛችሁ፣ ልብስ ሰፊም፣ ቅመም ነጋዴም፣ ባለ ሚኒባስም ያሉበት፣ እሱን ምረጡ፤ ወሬው ይለያያል። ችግሩ እንዲህ ያለው ቦታ ዋስ የሚሆናችሁ ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ማን ያውቃችኋል? ደመወዝተኛ ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤታችሁ ወርሃዊ እቁብ ይበቃችኋል።

እኔ ለሚቀጥለው ዙር ተራችን ውስጥ ግማሽ ዕጣ ያዝኩ። ሌላውን ግማሽ በርበሬ ተራ አንድ እቁብ ውስጥ ልከት አስቤያለሁ፤ የቅመም ደንበኛዬ ዋስ ልትሆነኝ ተስማምታለች፣ ሁለተኛ ዋስ እየፈለግሁ ነው።