ካኒስተር ማጣሪያ ለድሬ አይሆንም

ከጥቅምት ጀምሮ የጨው ውሃ አኳሪየሜን ሲያጣራ የከረመውን ካኒስተር ነቅዬዋለሁ። ኮራል (ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ማሳደግ የጀመሩ ጓደኞቼ "የትኛውን ማጣሪያ እንግዛ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ለምን እንደነቀልኩት በዝርዝር ልጻፈው። የምናገረው ስለ ድሬ ነው፤ ስለ ሙቀቷ፣ ስለ ውሃዋና ስለ መብራቷ።

ዕቃውን ለማያውቅ፦ ካኒስተር ክዳኑ ግጥም ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ከገንዳው ሥር ቁምሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው በአንድ ቱቦ ይወርድና በውስጡ በተደራረቡት ትሪዎች ያልፋል። ክዳኑ ላይ ያለው ሞተር ደግሞ በሌላ ቱቦ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የእኔ ሦስት ትሪ አለው፤ ስፖንጅ፣ የሴራሚክ ቀለበቶችና ሽታና ቀለም የሚመጥ፣ በከረጢት የታሰረ ካርቦን። ድምፁ አይሰማም፣ አያፈስም። ይኼን አልክድም።

ግንቦት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከቀትር በኋላ መብራት ሄደ። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር እንኳ ነፋስ የለም። መብራቱ የመጣው ማታ ነው። የካኒስተሩ ሞተር ወዲያው በራሱ ተነሳ፤ ከቱቦው የወጣው ውሃ የገማ እንቁላል ይሸታል። ክላውንፊሽ የሚባሉት ሁለቱ ዓሦቼ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጉ ጀመር። ተዘርግተው የነበሩት ለስላሳ ኮራሎች ተኮማተሩ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ በመለኪያ ኬሚካል ስለካ ቢጫ መሆን የነበረበት የናሙና ውሃ አረንጓዴ ሆነብኝ። ከክላውንፊሾቹ አንዱ ሳይነጋ ሞተ። ምግብ ስይዝ አይቶ ወደ መስታወቱ የሚሮጠው ነበር።

የሆነው ነገር ምሥጢር የለውም። እውነተኛ ሥራውን የሚሠሩት ቀለበቶቹ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣው የሚያስወጣውን፣ ከተረፈ ምግብም የሚመነጨውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ለዚህ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ውሃው ሲቆም አዲስ ኦክስጅን አይደርሳቸውም፤ ክዳኑም ዝግ ነው። ያለችውን ይጨርሱና መሞት ይጀምራሉ። ስፖንጁ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ደግሞ ያለ አየር ይበሰብሳል። ያ ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ ለዓሣ መርዝ። መብራት ሲመጣ ሞተሩ ያንን ሁሉ ሰብስቦ ገንዳው ውስጥ ይደፋዋል።

ኮራል በምናሳድግበት ውሃ ይኼ ጉዳት ይብሳል። ባሕር ጠለል ላይ፣ በ25 ዲግሪ፣ ጨው የሌለው ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። የባሕር ውሃ 7 እንኳ አይሞላም። ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ይቀንሳል። ድሬ ቆላ ናት ብንልም ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ አየሩ ራሱ ከጅቡቲ ዳርቻ ይልቅ የሳሳ ነው። አሞኒያም እንደዚሁ ነው። የኮራል ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ብሎ 8.2 አካባቢ ስለሚሆን፣ ያው መጠን አሞኒያ ከተራ ዓሣ ገንዳ ይልቅ እዚህ የበለጠ ይመርዛል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ የመብራት ነው" አለኝ። አቦ ወንድሜ! እኔ የምኖረውኮ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ነው፤ አንተም ይኼን እያወቅህ ነው የሸጥክልኝ። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። "መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ክፈተው፣ የቆመውን ውሃ ድፋው፣ ውስጡን አጥበህ መልሰው" የምትል አንዲት መስመር የለችበትም። ብትኖርስ? ሞተሩ በራሱ ነው የሚነሳው፤ እኔ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ልሆን እችላለሁ። ጄኔሬተር ግዛ የሚለኝ ሌላ ሻጭ እንደሚመጣም አውቃለሁ። ለአንድ ገንዳ ዓሣ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሌሊት በጄኔሬተር ድምፅ አልቀሰቅስም።

ሌላው ያናደደኝ "ስድስት ወር ሳትከፍተው ይሠራል" የሚለው ወሬ ነው። ስድስት ወር! ስፖንጁ የያዘው ቆሻሻ ከዓይናችን ተሰወረ እንጂ ከውሃው አልወጣም። ውሃው ቀንና ሌሊት በዚያው ቆሻሻ ላይ ነው የሚያልፈው። ቆሻሻው እዚያው ይሟሟል፣ ናይትሬት ይጨምራል፣ ፎስፌት ይጨምራል፣ ከዚያ መስታወቱና ድንጋዩ አልጌ ይለብሳል። የኮራል ገንዳ ስፖንጅ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። ካርቦኑ ደግሞ ወር ገደማ ሲሆነው ይደክማልና በአዲስ መተካት አለበት። አዲሱም ጥቁር አቧራው እስኪለቅ ድረስ መጀመሪያ ይለቀለቃል። ካኒስተሩን በየሳምንቱ ለመክፈት ግን ሁለቱን ቱቦዎች መዝጋት፣ በርሜሉን ከቁምሣጥኑ ጎትቶ ማውጣት፣ ክዳኑን ማላቀቅ፣ ጎሚኒውን ጠርጎ መግጠም፣ አየሩን አስወጥቶ እንደገና ውሃ ማስያዝ ያስፈልጋል። ወለሉ በጨው ውሃ ይርሳል፤ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይቀራል። ዕቃው የተሠራው እንዳይከፈት ነው፤ የእኛ ሥራ ደግሞ በየጊዜው መክፈት ነው።

የቧንቧችንን ውሃ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ውስጡ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ክሎሪንም አለበት። የሴራሚክ ቀለበቶቹን በዚያ ውሃ ማጠብ ባክቴሪያዎቹን መግደል ነው። ውሃ ስቀይር ከገንዳው የቀዳሁትን አሮጌ ውሃ በባልዲ አስቀርና ቀለበቶቹን እዚያ ውስጥ ነከር ነከር አደርጋቸዋለሁ፤ ማሸት የለም። ሁሉንም በአንድ ቀን አላጥብም። ግማሹን ዛሬ፣ ሌላውን ግማሽ ሳምንታት ቆይቼ። በትነት የጎደለውን የምሞላውም በአርኦ፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በሚያስቀር ማጣሪያ፣ በተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉ አብሮ ስለማይተን ጨው ውሃ ከጨመሩበት መጠኑ ያሻቅባል።

አሁን ምን እየተጠቀምኩ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ደስ ያለኝ ነገር ይኼ ነው። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ምግብ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ገዛሁ። ታቹን በስቼ ከገንዳው በላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ሣጥኑ ያወጣል። ውሃው መጀመሪያ ትራስ በሚሞላበት ነጭ ፋይበር ያልፋል፣ ከዚያ በእነዚያው የሴራሚክ ቀለበቶች ላይ እየተንጠባጠበ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ፋይበሩ ሽታም ቀለምም ያልተነከረ መሆን አለበት። ሲጠቁር አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ ቆሻሻው በእውነት ከውሃው ይወጣል። ክዳኑን አንስቶ አዲስ ማስገባት ሻይ ከመቅዳት የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ወርዶ ያልቃል፣ ቀለበቶቹ እርጥብ እንደሆኑ አየር ላይ ይቀራሉ። ባክቴሪያዎቹ እርጥበቱም ኦክስጅኑም አላቸው። ሰኔ ላይ መብራቱ ከግንቦቱም በላይ ቆየ። ለገንዳው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስነሳሁለት። መብራት መጥቶ ፓምፑ ሲነሳ ምንም ሽታ የለም። አሞኒያው ቢጫ እንደሆነ ቆየ፣ ኮራሎቹም በነጋታው እንደተለመደው ተከፈቱ። ያው ቀለበት ነው፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ዕቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ድሬ ውስጥ፣ ለኮራል፣ ካኒስተር አትግዙ። ለሱ ያወጣሁት ብር ይቆጨኛል። ያ ብር ጥሩ የአርኦ ማጣሪያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ይገዛ ነበር። ሻጮች "ሙያተኞች ሁሉ የሚጠቀሙት ይኼን ነው" ሲሏችሁ፣ መብራት ሲሄድ ውስጡ ያለው ውሃ ስንት ሰዓት ይቆያል ብላችሁ ጠይቁልኝ። የእኔውን ሁለት ሰዎች እንግዛህ ብለውኛል። የጨው ውሃ ላለው አልሰጥም። ሐረር ያለ አንድ ወዳጄ ወርቃማ ዓሣ ያረባል፤ ኢንቨርተር ስላለው መብራት ቢሄድም ሞተሩ አይቆምም። ቀድሜ እያንዳንዷን ነገር ነግሬው፣ በግማሽ ዋጋ ለሱ እሰጠዋለሁ።