ኔቪሴንስ፦ ማርያም የሳመችውን በኤሌክትሪክ የሚፈትሽ ማሽን

ስቶክሆልም ነው የምንኖረው፣ ባለቤቴ ፈረንጅ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለችው ማርያም የሳመችው ጠርዟ ሲዛባብኝ ጊዜ እየጎተትኩ የቆዳ ሀኪም ጋ ወሰድኩትና በኔቪሴንስ አዩለት። እዚሁ ስዊድን ሳይቤዝ የሚባል ካምፓኒ የሰራው ነው፣ አሜሪካም የመድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በፈረንጆቹ 2017 ፈቅዶታል።

ቦታውን በጨው ውሃ ያረጥቡና ጫፉ ጥቃቅን ሹል ነገር ያለውን መለኪያ መጀመሪያ አጠገቡ ያለው ጤነኛ ቆዳ ላይ ከዛ ነጥቧ ላይ ጫን ያደርጉታል፣ ከረንቱ ጭራሽ አይሰማም አለኝ፣ ከዛ አልጎሪዝሙ ከ0 እስከ 10 ውጤት ይሰጣል፣ 4ና ከዛ በላይ ከሆነ ያሰጋል ማለት ነው። የሱ 2 ወጣ፣ ተመስገን።

ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር አያመልጠውም ማለት ይቻላል፣ በፈረንጆቹ 2014 በወጣው ትልቅ ጥናት 97% አካባቢ ይዟል። ግን ያበዛዋል፣ እዛው ጥናት ላይ ሜላኖማ ካልሆኑት በትክክል ነፃ ያለው 34% ብቻ ነው፣ ስለዚህ 5 ወጣብኝ ብሎ ማልቀስ የለም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። እኛ ጥቁሮች ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ስር ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ለነዚህ ቦታዎች አልተፈቀደም! እዛ ላይ አዲስ ጥቁር ነገር ካያችሁ ቀጥታ ሀኪም ናሙና ይውሰድላችሁ።

ለፈረንጅ 4 ኮከብ፣ ለሀበሻ 2።