ቱ ዊል ወይስ ፎር ዊል? ትንሽ ክሮስኦቨር ከመግዛታችሁ በፊት

ዘመዴ ቪታራ (የሱዙኪን ትንሽ ክሮስኦቨር፣ ማለትም እንደ ቤት መኪና ተሠርታ ከመሬት ከፍ ያለችውን) ሊገዛ ሁለት መኪና አይቷል። አንዷ በፊት ጎማዎቿ ብቻ የምትነዳ ቱ ዊል ናት፣ ሌላዋ በአራቱም የምትነዳ ፎር ዊል። ደላላው «ፎር ዊል እያለ ማን ቱ ዊል ይገዛል?» ብሎ ልቡን አሸፍቶታል። እኔ ግን ቤቱ አራት ኪሎ፣ ሥራው ሜክሲኮ ለሆነ ሰው ቱ ዊሏ ትበቃዋለች ባይ ነኝ።

በእነዚህ ትንንሽ መኪኖች ላይ ፎር ዊል ሲባል የላንድክሩዘሩ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አዲሱ ቪታራም ሆነ ከሦስተኛው ትውልድ ወዲህ ያለው የቶዮታ ራቭ ፎር ደህና አስፋልት ላይ በአብዛኛው የሚሄዱት በፊት ጎማ ነው፤ ፊተኞቹ መንሸራተት ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ ኃይሉን ወደ ኋላ ያካፍላል። በሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ላይ ያለው፣ ፊትና ኋላውን አንድ ላይ የሚያስረው የሎክ ቁልፍ እንኳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስታልፉ ራሱ ይለቃል። (በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ግራንድ ቪታራ ሌላ ነው፣ ፎር ዊሉ ሁልጊዜ በአራቱም ነው የሚሄደው።)

«ዳገቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ሽቅብ ስትወጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማ ይቀልላል፣ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይሽከረከራል። እዚያ ላይ ፎር ዊሏ በግልጽ ትበልጣለች። ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ስትወጡ ግን የሚያጥራችሁ ጉልበት እንጂ መሬት የመቆንጠጥ አቅም አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል፣ ፎር ዊሏ ደግሞ ተጨማሪ ክብደት ተሸክማ ቤንዚንም ጨምራ ነው የምትወጣው።

ቁልቁለት ላይማ ልዩነት የለም። ፍሬን በሁሉም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው። በሐምሌ ዝናብ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ የሚያድናችሁ ጎማችሁ ነው፣ እባካችሁ ይህን አትርሱ።

ይህን ያስተማረኝ የነሐሴ ዋልካ ነው። በእነዋሪ መንገድ ለቅሶ ስንሄድ የእኔ ቱ ዊል ተቀረቀረች፣ ከኋላ የመጣው የአማቼ ፎር ዊልም ጎማው ጥርሱ አልቆ ስለነበር አጠገቤ ቆመ። ሁለታችንንም የአገሩ ሰው ገፍቶ አወጣን። የዋጋውን ልዩነት አራት አዲስ ጎማ ላይ አውሉት የምለው ለዚህ ነው።

ፎር ዊል ወጪም አለው። የኋላ ዲፈረንሻል (ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለው የጥርስ ሳጥን) ዘይት ይፈልጋል። አንድ ጎማ ቢፈነዳ አንዱን ብቻ በአዲስ መተካት አደጋ አለው፤ ቁመታቸው ሲለያይ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያካፍለው ክፍል እየጋለ ይበላሻል። ያ ክፍል ደግሞ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ በቀላል ዋጋ የምትወጡበት ዕቃ አይደለም። መኪናዋ ስትበላሽም ሁለት ጎማዋን አንስቶ መጎተት አይሆንም፣ ጭነት መኪና ላይ ትጫን።

ክረምት ከበጋ ገጠር የምትመላለሱ፣ ወይም ቤታችሁ አስፋልት ያልደረሰው ዳገት ላይ ከሆነ ግን ፎር ዊል ግዙ፣ አትሰስቱ። ስትገዙ ኋላዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግና ዲፈረንሻሉን እዩ። ከዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በቀስታ ክብ ንዱ፤ ከታሰረች ወይም ከዘለለች ትቅርባችሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለቆመ አዲስ የሚገዛ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። እዚያ ጥያቄው ትንሽ ይለያል። ፎር ዊል ማለት ኋላና ፊት ሁለት ሞተር ማለት ነው፣ ረጅሙ ዘንግ የለም፣ ግን በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል። ባለ አንድ ሞተሩም አንድ ዓይነት አይደለም። የቶዮታው ቢዜድ ፎር ኤክስ ሞተሩ ፊት ነው፣ የፎክስዋገኑ አይዲ ፎር ግን ኋላ ነው። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደሚነዱት ጎማዎች ስለሚሄድ ሞተሩ ኋላ የሆነ መኪና ፎር ዊል ሳይሆንም ደህና ይወጣል። ስለዚህ ሻጩን ቱ ዊል መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሞተሩ የት እንደሆነም ጠይቁት።