ኦፕቴን 900ፒ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ገበያው የጣለው ዲስክ

ኢንቴል ምርቱን ካቆመ በኋላ ከመጋዘን የተረፈ፣ ያውም 280 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ኦፕቴን 900ፒ የተባለ የኮምፒውተር ማከማቻ ዲስክ (ኤስኤስዲ) ስገዛ ከሻጩ የሰማሁት ምክር «በዚህ ገንዘብ ትልቅ ተራ ኤስኤስዲ ታገኛለህ» የሚል ነበር። ምክሩ በሒሳብ ረገድ ትክክል ነው። ያስገረመኝ ግን ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ ዳታቤዙ አብዛኛውን ቦታ ከያዘ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ሲጻፍበት ያድራል፣ ፍጥነቱም አይወርድም።

ተራ ኤስኤስዲ የሚሠራበት ናንድ ፍላሽ የተባለው የሜሞሪ ዓይነት በተጻፈበት ቦታ ላይ እንደገና ከመጻፉ በፊት አንድ ሙሉ ብሎክ መደምሰስ ግድ ስለሚለው፣ አምራቾች ከዲስኩ ጥቂቱን ክፍል ፈጣን መቀበያ አድርገው ድካሙን ይሸፍኑለታል፤ መቀበያው ሲሞላ ግን እውነተኛው ፍጥነት ይገለጣል። የኦፕቴን መሠረት የሆነው ስሪዲ ክሮስፖይንት የተባለው ሜሞሪ ግን ቅድመ ድምሰሳ አያስፈልገውም።

ሻጩ አሁንም «አዲሱ በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት ያነባል፣ ያንተ 2,500 ብቻ» ይለኝ ይሆናል። ወንድሜ፣ ያ ቁጥር ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ የሚገኝ ነው! ዳታቤዝ አራት አራት ኪሎባይት ከየቦታው እየለቀመ ነው የሚኖረው፤ በዚያ ሥራ ላይ ኦፕቴን በ10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ሲመልስ ናንድ የዚያን ብዙ እጥፍ ያስጠብቃል። 5.11 ፔታባይት (5,110 ቴራባይት) እስኪጻፍበት የሚዘልቀውን ዋስትናውንማ ሻጩ አያነሳውም።

ታዲያ ለምን ተሸነፈ? ኢንቴልና አብሮት ያመረተው ማይክሮን እ.ኤ.አ. በ2015 ክሮስፖይንት ከናንድ 1,000 እጥፍ ይፈጥናል ብለው ማስተዋወቃቸው፣ ገበያ ላይ የወጣው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ፣ ራሱን ቴክኖሎጂውን ጎድቶታል ባይ ነኝ። የባሰው ዋጋው ነው። ቺፕ ላይ የሚነባበረው የሜሞሪ ድርብርብ ሲበዛ ለአንድ ጊጋባይት የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፤ ናንድ ከ200 በላይ ድርብርብ ሲደርስ ክሮስፖይንት ከሁለት ወደ አራት ብቻ አደገ፤ ከዲራም (ከኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ) የዘገየ፣ ከናንድ የተወደደ ሆኖ መሐል ላይ ቀረ። በሜሞሪ መልክ የወጣው ዓይነትም በኢንቴል ሰርቨሮች ላይ ብቻ ስለሚሠራ የገዢው ቁጥር ጠበበ። ማይክሮን እ.ኤ.አ. በ2021 ከሥራው ወጥቶ የዩታውን ፋብሪካ ለቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሸጠ፤ ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2022 ለተከማቸ ዕቃው 559 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቦ ሥራውን ዘጋ።

ሥራ ሲፈታም ኃይል ይበላል፣ ይሞቃልም፤ ለላፕቶፕ አይሆንም። ፊልምና ፎቶ ማስቀመጥ የሚፈልግም ሻጩን ይስማ። እኔ ግን ባለ 960 ጊጋባይቱን ኦፕቴን 905ፒ ያልተነካ ካገኘሁ ሳልከራከር እወስደዋለሁ።